ወፌ ቆመች፣ በባሕር ላይ

የዕረፍቱን ጣጣ ያመጣችብን የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። የምትኖረው እዚሁ አሜሪካ፣ ከኛ በመኪና ግማሽ ሰዓት የሚርቀው አሌክሳንድሪያ ነው። ልጅ የላትም፤ ስለ ልጅ አስተዳደግ ግን የማታውቀው ነገር የለም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው አፓርታማችን ጎራ አለች። ሶፋው ላይ ሳይታጠፍ የተከመረውን ልብስ ወደ ጥግ ገፋ አድርጋ ተቀመጠችና እኔንና ወንድሟን ተራ በተራ አየችን።

«እናንተ ልጆች፣ መስታወት አታዩም እንዴ?» አለች።

እውነቷን ነበር። ወንድ ልጃችን ዓመቱን ደፍኖ ሁለተኛውን ጀምሯል። ባለቤቴ ከኤርፖርት የታክሲ ሥራው ሲገባ እኔ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ወደምሠራበት ክሊኒክ እወጣለሁ። በር ላይ ተገናኝተን ልጁን እንደ ዱላ ቅብብል ሯጮች እንቀባበላለን። «በልቷል»፣ «አልተኛም»፣ «አፍንጫው ይፈሳል» ከመባባል ያለፈ ወሬ ካወራን ቆይተናል። ለአራስ ጥየቃ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውን የቀሩት አማቴ ባይኖሩ ኖሮ ልጁ ራሱ አዝኖልን ቤት ሳይቀይር አይቀርም ነበር።

«ስለዚህ ክሩዝ ቡክ አድርጌያለሁ» አለች እህትየው። «ሁላችንም ነን የምንሄደው። ካንስል ማድረግ አይቻልም፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ።»

«ሕፃን ይዘን መርከብ?» አልኳት።

«ለሕፃኑ ብዬ አይደል እንዴ! ምግብ አታበስዪ፣ ዕቃ አታጥቢ። ልጁን የሚይዝልሽ ኪድስ ክለብ አለ፣ መዋኛ አለ። ያንቺ ሥራ ወንበር ላይ ጋደም ብሎ ሪላክስ ማድረግ ነው።»

አማቴ ልጁን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሙዝ እያጎረሱት ነበር። እጃቸውን ገታ አደረጉና ሴት ልጃቸውን አዩዋት።

«ባሕር ላይ? ምነው፣ መሬት ምን አደረገችን?»

መሬት ምንም አላደረገችንም ነበር።

በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ አንድ ያልተነገረ ጭንቀት ነበር። ልጁ አይራመድም። ይድሃል፣ ሶፋ ይዞ ይቆማል፣ ጠረጴዛ ተደግፎ ዙሪያውን ይዞራል፤ እጁን ሲለቅ ግን ዘጭ ብሎ ይቀመጣል። የልጆች ሐኪሟ «ጊዜው ገና ነው፣ አታስቡ» ብላናለች። ሐኪም አታስቡ ሲል ደግሞ ሰው ይበልጥ ያስባል። አማቴ እንዲያርፉ በሳምንት ሁለት ቀን በሚውልበት ዴይኬር ውስጥ በሦስት ሳምንት የሚያንሰው ልጅ እየሮጠ በሩ ድረስ መጥቶ ይቀበለኛል፤ የኔው እዚያው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ሽማግሌ ያየኛል። አክስቱ ከአሌክሳንድሪያ በየቀኑ ስለ እግር ጡንቻ ቪዲዮ ትልክልኛለች። ማታ ማታ ከሥራ ስገባ ሳሎን መሐል አቆመውና «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» እላለሁ። ባለቤቴ ስልኩን ደግኖ ይጠብቃል። ወፏ ትቆማለች፣ ዙሪያዋን ታያለች፣ ትቀመጣለች።

የጉዞው ቀን ሲደርስ ከሁላችንም ትልቁ ሻንጣ ከሁላችንም የትንሹ ሰው ሆነ። ዳይፐር፣ ወተት፣ ስትሮለር የሚሉት የልጅ ጋሪ፣ የፀሐይ ኮፍያ፣ የሚንሳፈፍ ዳክዬ፣ ለመዋኛ ተብሎ የተገዛ ዓሣ የተሳለበት ዋና ልብስ። ባለቤቴ የመኪናውን ኋላ በጉልበቱ እየገፋ ዘጋና «እኔ አሜሪካ ስገባ የያዝኩት ዕቃ የዚህን ሩብ አያክልም» አለ። አማቴ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው የያዙት። ምን እንዳለባት የጠየቃቸው አልነበረም።

መጀመሪያ ያወቀው ባልቲሞር ወደብ ያለው ፈታሽ ሆነ። ቦርሳዋን ከፍቶ በላስቲክ የተቋጠረ ዱቄት አወጣ። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው፣ ነካ ነካ አደረገው፣ ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛውም አሸተተው።

«ምን ይላል?» አሉ አማቴ።

«ምን እንደሆነ ነው የሚጠይቀው፣ እማዬ።»

«በሶ ነዋ! ምን ይመስለዋል?»

ባለቤቴ ገብስ እንደሆነ አስረዳ። ፈታሹ ገብስ በዱቄት መልክ መርከብ ላይ ለምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀ። «ሆድ ይይዛል በለው» አሉ አማቴ። ይህን እንዴት ብሎ እንደሚተረጉመው ባለቤቴ ሲጨነቅ፣ እቅፌ ውስጥ ያለው ልጄ ተንጠራርቶ እጁን ላስቲኩ ውስጥ ከተተና አፉን ሞላ። ፊቱ ሁሉ በሶ ሆነ። ፈታሹ ትንሽ አየው፣ ሳቀ፣ ቦርሳዋን ዘግቶ አሳለፈን። ልጃችን ለቤተሰቡ የሠራው የመጀመሪያ ቁም ነገር ይኸው ነው።

መርከቡ ሥር ስንደርስ ሁላችንም አንጋጠጥን። ሲልቨር ስፕሪንግ ከነሕንፃዋ የተጫነችበት ነው የሚመስለው። በዚያ ሁሉ ግዝፈት ውስጥ የኛ ካቢን ግን አልጋና በር ነበር። የሕፃኑ አልጋ ሲገባ ወለሉ አለቀ። መታጠቢያ ቤት ለመግባት ባለቤቴ በኔ ላይ፣ እኔ በእሱ ላይ መንጠላጠል ግድ ሆነብን። አማቴና እህትየው ከጎናችን ያለውን ካቢን ያዙ።

ዕቃ አስቀምጠን ልጁን ወደ ኪድስ ክለብ ወሰድነው። በር ላይ የቆመችው ልጅ ፈገግ ብላ ዕድሜውን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ፈገግታዋን ሳትቀንስ ሁለት ዓመት ያልሞላውን እንደማይቀበሉ ነገረችኝ። ወደ መዋኛው ወጣን። እዚያ ደግሞ ዳይፐር የሚያደርግ ልጅ ውኃው ውስጥ እግሩን እንኳ እንደማይነክር የሚገልጽ ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ዓሣ የተሳለበት ዋና ልብሱን ለብሶ፣ ዳክዬውን አቅፎ፣ ሌሎች ልጆች ሲንቦጫረቁ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ አየ። ከዚያ አለቀሰ። ሙዚቃው ከፍ ያለ ነበር፤ እሱ ግን አሸነፈው።

እህትየው ከተጋደመችበት ወንበር መነጽሯን ዝቅ አድርጋ «ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ሪላክስ እያደረገ ነው» አልኳት።

ባለቤቴ ክፍላችንን ከሚያጸዳው ሰው የበረዶ ባልዲ ለመነና ለብ ያለ ውኃ ሞልቶ አልጋችን እግርጌ አስቀመጠው። የልጃችን መዋኛ እሷ ሆነች። ሁለት እግሩን ባልዲዋ ውስጥ ከትቶ፣ ዳክዬውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በትንሿ መስኮት አትላንቲክን ያያል። አባቱ ተንበርክኮ ይደግፈዋል። እኔ የረጠበ ፎጣ እጨምቃለሁ። ለዚህ ነው እንግዲህ ባሕር የተሻገርነው።

በማግስቱ ውኃው ተነሣ። ያ ተራራ የሚያህል መርከብ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ የወደቀችው አዘጋጇ ናት። ስለ ክሩዝ ሁሉንም ነገር አንብባ የመጣችው እህትየው ፊቷ አረንጓዴ ሆኖ፣ ስታስታውክ ውላ አልጋዋ ላይ ተዘረጋች። እኔም ራሴን ያዞረኝ ነበር፤ ልጅ ያላት ሴት ግን መታመሚያ ጊዜ የላትም። ባሕር ዐይተው የማያውቁት አማቴ ብቻ ምንም አልሆኑም። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ በኮሪደሩ ላይ ከመርከቡ ጋር እየዘመሙ እንደ ልባቸው ይሄዳሉ።

«እማማ፣ እርስዎን አያዞርዎትም እንዴ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ዓባይ በረሃን በአይሱዙ፣ እህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ የወረድኩ ሰው ነኝ። ይሄ ምኑ ይነቀንቃል?»

ልጁን በጋቢ አዘሉትና የመርከቡን ኮሪደር ከዳር እስከ ዳር ይመላለሱበት ጀመር። ስትሮለራችን ደፉን አያልፍም፣ ሊፍት ውስጥ አይገባም፣ መርከቡ ዘመም ሲል ብቻውን ይሄዳል። እሳቸው ግን ልጁን ጀርባቸው ላይ አስተኝተው ቡፌ ላይ ተሰልፈው የጾም ምግብ ይመርጣሉ። ሰው ያያቸዋል። አንዲት ፈረንጅ ፎቶ ላንሳዎት ብላ ጠየቀቻቸው፤ «ቀስ፣ እንዳትቀሰቅሺው» አሏት በአማርኛ። እሷም ገባት መሰል፣ በጣቷ ጫፍ እየሄደች አነሣቻቸው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ባሕሩ ትንሽ በረደ። አመሻሹ ላይ አማቴ ካቢናችን በር ላይ ቆመው አዩን። እኔ አልጋ ላይ፣ ባለቤቴ ባልዲው አጠገብ።

«ልበሱና ውጡ» አሉ። «ሁለታችሁ ብቻ። እንደ ሰው ተቀምጣችሁ ራት ብሉ። ልጁ ከኛ ጋር ይሆናል።»

እህትየው እንደታመመች ነበር፤ ቢሆንም ከወዲያኛው ካቢን በደከመ ድምፅ «ሂዱ፣ ሂዱ» አለች።

ለብሰን ወጣን። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ሻማ፣ ክራቫት ያሰረ አስተናጋጅ። ስለ ልጁ ላናወራ ተስማማን። ባለቤቴ ምግቡ ጥሩ ነው አለ። እኔም ጥሩ ነው አልኩ። ሹካውን አነሣ፣ አስቀመጠ። ከልጁ በፊት ስለ ምን እንደምናወራ ለማስታወስ የሞከርኩ ይመስለኛል፤ ሳቁ ትዝ ይለኛል እንጂ ወሬው ጠፋኝ። ኋላ ባለቤቴ አጎንብሶ በጠረጴዛው ሥር ስልኩን ከፈተ። ሳየው ልጁ ባልዲው ውስጥ ያለበትን ቪዲዮ ነው የሚያየው።

«እኔም አሳየኝ» አልኩት።

ጣፋጩ እስኪመጣ ድረስ ራስ ለራስ ገጥመን የገዛ ልጃችንን አየን። ስናየው ደግሞ ናፈቀን፤ ጣፋጩን ሳንጨርስ ተነሣን።

ካቢናቸው ስንገባ አንድ ነገር ልክ አልመሰለኝም። ሁለት ቀን ሙሉ እንደ በድን የተጋደመችው እህትየው አልጋዋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷ ግን አብርቷል። ልጁ ጭኗ ላይ ተኝቷል። አማቴ ጣሪያውን ያያሉ።

«አስቸገራችሁ?» አልኩ።

«ኧረ! እንደ መልአክ ነው የሆነልን» አሉ አማቴ፣ ከጣሪያው ዓይናቸውን ሳያነሱ።

እናትና ልጅ ተጣልተው ነው ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ጧት ቁርስ ላይ አማቴ ድንገት ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። «አንቺ እዚያ ቁሚ» አሉኝ፣ ከጠረጴዛው ራቅ ያለ ቦታ እያሳዩኝ። «ፊትሽን ወደዚህ አድርጊ። ተንበርከክ በይ።» ግራ ገባኝ፤ አማት ሲያዝ ግን አይጠየቅም። ባለቤቴ በሁለቱም እጁ የእንቁላል ሳህን ይዞ ከሰልፉ እየተመለሰ ነበር። አማቴ ልጁን ከእቅፋቸው አወረዱ፣ ወንበር አስያዙት። «ጥሪው!» አሉኝ።

«ና፣ የኔ ጌታ፣ ና» አልኩ።

በዚያች ቅጽበት እልልታቸው ያን የሚያህል አዳራሽ ሞላው። ከዚያ ነው ልጁ ወንበሩን የለቀቀው። መርከቡ ወደ እኔ በኩል ዘመም አለ፤ እሱም እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቁልቁለት እንደሚወርድ ሰው እየፈጠነ መጥቶ ደረቴ ላይ ወደቀ። ጮኽኩ። ምን እንዳልኩ አላውቅም። አባቱ ሳህኖቹን የት እንዳደረሳቸውም አላውቅም፤ እንቁላሉ ግን ጫማዬ ላይ ነበር። ያን ያህል ወራት ተደግኖ የኖረው ስልክ ኪሱ ውስጥ ቀረ። የማናውቃቸው ሰዎች ተነሥተው አጨበጨቡልን። እህትየው ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ታለቅሳለች፤ ለአክስት ትንሽ በዛ ብዬ ነበር። እልልታው ከእርምጃው መቅደሙንም ልብ ብዬው ነበር። የደስታ ጊዜ ግን ሰው ሒሳብ አያጣራም።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የሚባለው ነገር ፈጽሞ ቀረ። የሚድህ ልጅ ያስቀመጥከው ቦታ አካባቢ ይገኛል። የሚራመድ ልጅ ግን ደረጃ፣ ሊፍት፣ የሰው ጠረጴዛ፣ የካፒቴኑ ፎቶ፣ ሁሉ ቦታ አለ። ባሃማስ ስንደርስ አሸዋው ላይ አቆምነው። እግሩ ሥር ያለውን አየ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ተቀመጠ። የዚያን ቀን የታዘለው አባቱ ጀርባ ላይ ነው። አማቴ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ባሕሩ ውስጥ ገቡ። ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። «እውነትም ጨው ነው» አሉና ወጡ። ከባሕሩ የሚፈልጉት ይህችኑ ብቻ ነበር።

ባልቲሞር ተመልሰን መሬት ስንረግጥ ልጁን አወረድኩት። ሁለት እግሩን አራርቆ፣ ወገቡን ወደ ጎን ሰብሮ መሬቱ እስኪዘምም ጠበቀ። አልዘመመለትም። ወደቀ። ተነሥቶ ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ወደቀ። እግር የተከለው በሚወዛወዝ ወለል ላይ ነውና ጸጥ ያለው ምድር ጉድ ሠራው።

መኪና ውስጥ ገብተን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተጓዝን። ባለቤቴ ይነዳል፣ አማቴ ከፊት፣ እኔና እህትየው ልጁን መሐል አድርገን ከኋላ። ሎረል የምትባለውን ከተማ እንዳለፍን ስለ አወዳደቁ እየሳቅን ነበር። እህትየው ሳቋን ሳትጨርስ፣

«ኧረ እሱ የዚያን ዕለት ማታስ፣ ከአልጋው እስከ እኔ ድረስ አንዴም ሳይወድቅ አይደል እንዴ የመጣው!» አለች።

«የትኛው ዕለት ማታ?» አልኩ።

ባለቤቴ በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየ። «አንተ መንገድ መንገድህን እይ!» አሉት እናቱ።

«የትኛው ማታ?»

እህትየው ነገረችኝ። እኛ ራት በወጣንበት ምሽት ልጁ የአማቴን አልጋ ጫፍ ይዞ ቆሞ ነበር። እሷ ከወዲያ ተጋድማ ታቃስታለች። ማቃሰቷን ሰማና ዘወር ብሎ አያት። እጁን ለቀቀ። መጣ። አልጋዋን ተደግፎ ትንሽ እጁን ጉንጯ ላይ አስቀመጠ።

«ወደ እኔ ና ብዬ ያባበልኩት መስሎሽ እንዳይሆን» አለች። «አልጠራሁትም። ዓይኔን ስገልጥ እሱ ራሱ…» ጉንጯን በመዳፏ ነካች። «ወደ እኔ ነው የመጣው።»

«እኔ ነኝ አትናገሪ ያልኳት» አሉ አማቴ ወደ ፊት እያዩ። «የመጀመሪያው እናት ያየችው ነው። ሌላው ልምምድ ነው።»

ከፋኝ። አልዋሽም። ያን ሁሉ ማታ ሳሎን ውስጥ ተንበርክኬ የጠራሁት እኔ፤ እሱ የመረጠው ግን ልጁን በቪዲዮ የምታሳድገውን ሴት። መስኮት መስኮቱን አየሁ። ከዚያ ያ ቀድሞ የመጣ እልልታ ትዝ አለኝ። አማቴ ለትያትሩ ተቻኩለው መጋረጃውን ቀድመው የገለጡት። ሳቄ መጣ፤ ልይዘው ብሞክርም አልቻልኩም። ባለቤቴም ሳቀ። አማቴ «ምን ያስቃችኋል?» ብለው ተቆጡ፤ ኋላ እሳቸውም ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

እህትየው ብቻ አልሳቀችም። የልጁን እግር ይዛ ጫማውን ታስተካክላለች። ልጅ ፈልጋ አጥታው እንደሆነ ባለቤቴ አንድ ጊዜ ነግሮኛል፤ እሷ ግን ለኔ አውርታው አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። እጄን በልጁ ላይ አሳልፌ እጇን ያዝኩት። ቤት እስክንደርስ እንደያዝኳት ነበርኩ።

ሥራ ስገባ ሁሉም ሰው ፊቴን አይቶ ዕረፍት እንዳገኘሁ ያስታውቃል አለኝ። ከሄድኩበት ጊዜ ይልቅ ከስቼና ጠቁሬ ነበር የተመለስኩት። ልጁ ከመሬት ጋር ለመስማማት አንድ ሳምንት ያህል ፈጀበት። እህትየው አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤልትዌይ የሚሉትን ቀለበት መንገድ ይዛ ትመጣለች። በር ስትከፍት ልጁ እየሮጠ ወደ እሷ ይሄዳል፤ ምክር መስጠቷን አልተወችም፤ መጀመሪያ ግን ታቅፈዋለች።

ባለፈው ቅዳሜ አማቴና ባለቤቴ ሲከራከሩ ደረስኩ። ልጁ ሲያድግ መጀመሪያ ወደ ማን እንደተራመደ ቢጠይቅ ምን እንበለው የሚል ነው ክርክሩ። አማቴ «ወደ እናቱ» ብለው ድርቅ ብለዋል። ባለቤቴ እውነቱ ይነገረው ይላል። እህትየው ወጥ ቤት ገብታ ታጥቦ ያለቀ ዕቃ ደግማ ታጥባለች።

ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። «አንቺ ንገሪው» አልኳት። «ሲመጣ እዚያ የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

ቧንቧውን ዘጋች። ትንሽ አሰበች።

«ሙሉውን?» አለች።

«ማስታወክሽንም ጭምር» አልኳት።